መቅረዙን አባጆራ አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ ሮም ሆኜ በስልኬ ነው የማነበው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ዝም ነው የምለው፣ ባለፈው ሰሞን በቤት ማስዋቢያ ገጻችሁ ላይ ስለ አሮጌ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ዕቃዎች የወጣውን ግን ማለፍ አቃተኝ። ላላነበበው ሰው ባጭሩ፣ የባሮክ ዘመን (ጌጥ የበዛበት የ1600ዎቹና የ1700ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ጥበብ) የመሠዊያ መቅረዞች ንጹህ ብር ናቸው ይላል፣ ከላይ አምፖል ከታች ገመድ አስገብታችሁ አባጆራ ብታደርጓቸው ሳሎን ያደምቃሉ ይላል፣ ለሆቴልና ለሎጅ ሎቢማ ወደር የላቸውም፣ ጣሊያን ዘመድ ያለው ሰው በርካሽ ማስመጣት ይችላል ይላል። እንግዲህ ያ ጣሊያን ያለው ዘመድ እኔ ነኝ ማለት ነው። ጽሑፉ ከወጣ ጀምሮ ቴሌግራሜ ላይ የሚላክልኝ የመቅረዝ ፎቶ ለጉድ ነው፣ "ወንድምዓለም እንደዚህ ዓይነት ጥንድ ፈልግልን፣ ሂሳቡን እንልካለን" ነው የሚሉኝ።

ለያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት። የምሠራው አሮጌ ብርና ነሐስ የሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አለቃዬ ጣሊያናዊ ብር አንጥረኛ ነው፣ እኔ መፍታቱን፣ ማጽዳቱንና መልሶ መግጠሙን እይዛለሁ። ዕቃ የሚያመጡልን ግማሾቹ ቄሶች ናቸው፣ ግማሾቹ የአንቲክ ነጋዴዎች፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ከሁለቱም እጅ ሲመጣ ማየት ደግሞ ብዙ ያስተምራል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

የ"ንጹህ ብር"ን ነገር ላስቀድም። እኛ ጋ የገባ አንድ የሮም መቅረዝ ልንገራችሁ። መሬት ላይ ሲቆም እስከ ወገቤ ይደርሳል። እግሩ ሦስት ማዕዘን ነው፣ በየማዕዘኑ የአንበሳ መዳፍ አለው፣ በማዕዘኖቹ መሀል ክንፋቸውን የዘረጉ ጉንጫም የመላእክት ፊቶች አሉ፣ ከዚያ በላይ አንገቱ እየቀጠነ እየወፈረ ይወጣና ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ሳህን፣ ከሳህኑ መሀል ደግሞ ሻማው የሚሰካበት ሹል ብረት። ከፊት ለፊት ላየው ሰው ብር ነው፣ ምንም አያጠራጥርም። ዞር ሲያደርጉት ግን ጀርባው እንጨት ነው፣ ነቀዝ የበሳው ባዶ እንጨት! ያ ወገን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ስለሚዞር ማንም አያየውም፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ደግሞ ብር የሚያባክን ደብር የለም። ከፊት ያለው ብርም ቢሆን ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ልባስ ነው። ስሱን የብር ቅጠል ሬንጅ የመሰለ ነገር ላይ አጣብቀው ከጀርባው በመዶሻና በደነዝ መሮ እየመቱ ጉንጩን፣ ክንፉን፣ የወይን ዘለላውን ወደ ፊት ያወጡታል፣ ከዚያ ገልብጠው ፀጉሩንና ላባውን ከፊት በኩል ይጭሩታል፣ ሲያልቅ እንጨቱ ላይ አልብሰው ራሳቸው ብር በሆኑ ጥቃቅን ምስማሮች ይመቱታል። መሀል ለመሀል ከላይ እስከ ታች ረጅም ብረት ያልፋል፣ ከሥር በእጅ የተሠራ አራት ማዕዘን ዳዶ ያስረዋል። ዳዶውን ስፈታው ከየመገጣጠሚያው የሚወጣው የሻማ ሰም ነው፣ የስንት ዘመን ሰም ጠቁሮና ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልኩ ነው የማወጣው ምክንያቱም በብረት ከነካሁት ብሩ ይቀደዳል።

ይሄ እንግዲህ የደህናው ደብር ዕቃ ነው። አቅም ያነሰው መዳብ ቀጥቅጦ ብር ያስቀባዋል፣ ወይ ነሐስ ያስፈስስና በወርቅ ያስለብጠዋል፣ ከዚያም ያነሰው እንጨት አስቀርጾ ብር ቅጠል ይለጥፍበትና ቢጫ ቫርኒሽ ሲቀባው ቁጭ ወርቅ ይሆናል። ይሄን የመጨረሻውን እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ትንሽ ብር፣ ትንሽ ቅባት፣ ከሩቅ ላየው ሰው ግን ከሀብታሙ ደብር ወርቅ ምንም አያንስም። ሙሉ በሙሉ ከብር የተሠራ የለም አላልኩም፣ ጽዋ ለምሳሌ ሥርዓቱ ነው፣ ቢያንስ ወይኑ የሚነካው ክፍል ብር ሆኖ ውስጡ በወርቅ መለበጥ ነበረበት። ግን እሑድ እሑድ ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን መቅረዝ "ንጹህ ብር" ብሎ መጻፍ አንባቢን ገንዘቡን ማስበላት ነው።

እና ደብሮቹ ለመሠዊያ ዕቃ ለምን ያን ያህል ተጨነቁበት? ሉተርና ተከታዮቹ የካቶሊክን ቅዳሴ መንቀፍ ሲጀምሩ ቤተክርስቲያኒቱ ከ1545 እስከ 1563 ትሬንት በምትባል ከተማ ጉባኤ አድርጋ ቁርባኑ እውነተኛ የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው የሚለውን አጸናች፣ ከዚያ ወዲህ ቤተክርስቲያን የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ መሠዊያው ላይ እንዲያርፍ ነበር የተፈለገው። ትልቁ መሠዊያ ላይ መሀል መስቀል፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መቅረዝ ይቆማል፣ ጳጳሱ ራሱ ሲቀድስ ሰባተኛ ይጨመራል። በአርባ ሰዓት ጸሎት ጊዜ ደግሞ ቁርባኑ ዙሪያውን ጨረር ባለው ፀሐይ መሳይ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከፍ ብሎ ይቀመጥና አካባቢው ሻማ በሻማ ይሆናል። ያኔ ኤሌክትሪክ የለም እኮ። ለስላሳ ብር የሻማውን ብርሃን አንዴ መልሶ ዝም ይላል፣ ጉብታና ጎድጓዳ የበዛበት የተቀጠቀጠ ብር ግን ነበልባሉ በተወዛወዘ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል፣ የመልአኩ ጉንጭ በራ ጠፋ ይላል፣ ቅጠሉ ነፋስ የነካው ይመስላል። አንጥረኛው ሲቀጠቅጥ የኖረው ለዚህች ነው። የናንተ ኤልኢዲ አምፖል አይወዛወዝም፣ ቆቡ ደግሞ ብርሃኑን ሌላ ቦታ ይልከውና መቅረዙን ራሱን ጥላ ውስጥ ይከተዋል። እሺ ሃይማኖቱ ይቅር፣ ዲኮር ነው እንበል፣ እንደ ዲኮርም መጥፎ ዲኮር ነው።

ሌላው፣ ጽሑፋችሁ የካቶሊክ ቤተክርስቲያኖች ዛሬም ብር በብር ናቸው፣ አንድ ሁለት ቢሸጡ ምን ይጎድልባቸዋል ዓይነት ነገር አለው። ሮም የመጣ ሰው ጄዙ ቤተክርስቲያን ሄዶ ይይ። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ የተቀበረበትን መሠዊያ የነደፈው አንድሬያ ፖዞ የሚባል የማኅበሩ ወንድም ነው፣ ከ1695 እስከ 1699 ተሠራ፣ ላፒስ ላዙሊ በሚባል ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ የተለበጡ ዓምዶች፣ የነሐስ አጥር፣ መሀሉ ላይ ፈረንሳዊው ፒየር ለግሮ የሠራው የብር ኢግናጥዮስ። መቶ ዓመት እንኳን አልቆየም። ናፖሊዮን የፖፑን ግዛት አሸንፎ በ1797 ቶለንቲኖ ላይ ውል ሲያስፈርም ፖፕ ፒዮስ 6ኛ የተጫነባቸውን ካሣ ለመክፈል የየቤተክርስቲያኑን ብር ወደ ማቅለጫ ላኩ፣ የኢግናጥዮስም ብር አብሮ ሄደ። ዛሬ የሚታየው ምስል በአብዛኛው ጂፕስ ላይ ብር የተቀባ ምትክ ነው። በየቀኑ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከፊቱ ያለው ትልቅ ሥዕል ወደ ታች ይወርድና በሙዚቃና በመብራት ታጅቦ ምስሉ ብቅ ይላል፣ ቱሪስቱ አፉን ከፍቶ ያያል፣ ብዙው ሰው ብር አየሁ ብሎ ነው የሚወጣው። ፓሪስም፣ ቬኒስም፣ ቪየናም በዚያ ዘመን እንደዚያው ነው፣ መንግሥት ጦርነት ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ቤተክርስቲያን ብር ላይ ነው። ነሐሱም አልተረፈም። ፖፕ ኡርባን 8ኛ በ1625 ፓንቴዎን ከሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ በረንዳ ላይ ነሐሱን አስነቅለው አብዛኛውን መድፍ አስደርገውታል፣ እኚያው ፖፕ ናቸው በቀራጺው በርኒኒ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተክርስቲያን መሠዊያ የሚያጠላውን ትልቁን የነሐስ ድንኳን ያሠሩት፣ ከ1624 እስከ 1633፣ አራት የተጠማዘዙ ዓምዶች፣ ቁመቱ ወደ 29 ሜትር የሚጠጋ። (በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ከሮም የተሾመው ፖርቱጋላዊ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ገብቷል፣ በ1632 ሃይማኖቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ በርኒኒ ገና አልጨረሰም። የአቢሲኒያ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው የኛ ሰዎች አሮጌ ቤተክርስቲያንም ከዚያው ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ነው ያለው፣ የሐበሻ መነኮሳት ያ ሁሉ ነሐስ ሲፈስስ ጎረቤት ነበሩ።)

ኔፕልስ ብቻ ነው ለየት የሚለው። እዚያ የከተማው ጠባቂ የቅዱስ ጄናሮ ሀብት ሳይቀልጥ ቆይቷል፣ የዚህ አንዱ ምክንያት ባለቤቱ ጳጳሱ ሳይሆን የከተማው ሰው ነው፣ በ1527 ሕዝቡ ለቅዱሱ ቤተ ጸሎት እንሠራለን ብሎ ተስሎ፣ ከዚያ ጀምሮ ምእመናን የሚያስተዳድሩት ማኅበር ነው የያዘው። መሠዊያው ፊት ለፊት ያለውን የብር ገጽ ጃን ዶሜኒኮ ቪናቻ በ1695 ነው የጨረሰው፣ የቅዱሱ አጽም ከሞንቴቬርጂኔ ገዳም ወደ ከተማው ሲመለስ ያሳያል፣ ሰዎቹ ከብሩ ውስጥ ተነቅለው ሊወጡ የደረሱ ነው የሚመስሉት። በ1713 ማቴዮ ትሬልያ የሠራው አክሊል ላይ 3,694 የከበረ ድንጋይ አለ። ከ50 በላይ የቅዱሳን የብር ምስሎች አሉ። የሚገርመው የናፖሊዮን ወንድም ጆሴፍ ኔፕልስን ሲይዝ ከዚያ መውሰድ ትቶ የአልማዝና የኤመራልድ መስቀል ሰጠ፣ ሕዝቡን ፈርቶ ይሁን አክብሮ እሱ ያውቃል። ብቻ ሕዝብ የኔ ነው ብሎ የያዘውን ዕቃ ንጉሥም አይደፍረውም።

ታዲያ ገበያ ላይ ያለው ከየት መጣ? አብዛኛው ከናፖሊዮን ዘመን አይደለም፣ ከአባቶቻችን ዘመን ነው። ከ1962 እስከ 1965 በተደረገው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤና ከዚያ ተከትሎ በመጣው ለውጥ ቅዳሴው ከላቲን ወደየአገሩ ቋንቋ ሆነ፣ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ አዲስ ጠረጴዛ ወደ ፊት መጣ፣ አሮጌው መሠዊያ ከነ ስድስት መቅረዙ ሥራ ፈታ። ከሁሉም የባሰ ዕጣ የደረሰባቸው ካርቴግሎሪያ የሚባሉት ናቸው። ቄሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲቀድስ በቃሉ የማይዘውን ጸሎት የሚያነብባቸው ሦስት ሰሌዳዎች ነበሩ፣ ትልቁ መሀል፣ በስተቀኝ እጅ ሲታጠብ የሚባለው መዝሙር፣ በስተግራ የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ፣ "በመጀመሪያ ቃል ነበረ" የሚለው። ጽሑፉ ወረቀት ነው፣ ፍሬሙ ግን ብር ልባስ፣ ቅጠል በቅጠል፣ አናቱ ላይ መልአክ ወይ አክሊል። ለውጡ ሲመጣ የሚፈልጋቸው ጠፋ። ነጋዴው ወረቀቱን አውጥቶ ጣለና መስታወት ከተተበት፣ "የባሮክ መስታወት" ብሎ ሸጠው። መቅረዙንም እንደዚያው፣ ሹሉን ብረት ቆርጦ፣ መሀሉን በድሪል በስቶ፣ ሶኬት ገጥሞ። ደህና የነበረ እንጨት ድሪል ሲገባበት ይሰነጠቃል፣ ብሩ ምስማሩን ለቆ ይነሳል፣ ከዚያ ነው እኛ ጋ የሚመጣው፣ እንደ ነበረ ግን አይመለስም።

አንዳንዱን ቄሶች ራሳቸው ሸጠውታል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማን የማያበራውን መቅረዝ ይጠብቃል። ነገሩ በጣም ስለበዛ ቫቲካን ራሷ በሚያዝያ 1971 ለየአገሩ ጳጳሳት ደብዳቤ ጽፋ አሮጌውን ዕቃ ዝም ብላችሁ አትበትኑ ብላለች። በቤተክርስቲያኒቱ ሕግ በጥበቡ ወይ በታሪኩ የከበረ ዕቃ ያለ ቫቲካን ፈቃድ አይሸጥም፣ የቅዱሳን አጽም መሸጥማ ጭራሽ ክልክል ነው፣ የተባረከ ዕቃ ደግሞ በግለሰብ እጅ ቢገባም እንኳ ለተራ ነገር አይውልም ይላል። ነጋዴው ይሄን ያውቃል፣ ገዢው ነው የማያውቀው።

የተቀረው ደግሞ በግልጽ ሌብነት ነው። ተራራ ላይ ያለ የገጠር ቤተክርስቲያን፣ በዓመት አንዴ በንግሥ የሚከፈት፣ ቁልፉ ጎረቤት ያለች ባልቴት ጋ፣ ማን ያየዋል። አንድ ነጋዴ እኛ ጋ መስታወት የገባባቸው ሦስት ፍሬሞች ይዞ መጣ፣ "ብሩ ጠቁሯል፣ አብሩልኝ" አለ። አለቃዬ ብሩን እንኳ ሳያይ ገለበጣቸው። እንጨቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ፣ አንዱ ላይ በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል፣ ሁለቱ ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ይነበባል፣ የደብር መዝገብ ቁጥር መሆኑን እኔም አላጣሁትም። አለቃዬ አልጮኸም፣ አልተቆጣም፣ "ወረቀታቸውን ይዘህ ና" ብቻ ነው ያለው። ሰውየው በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

እዚህ አገር ካራቢኔሪ የሚባሉት ፖሊሶች ለዚህ ብቻ ያቋቋሙት ክፍል አላቸው፣ ከ1969 ጀምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሰረቀ ዕቃ በኮምፒውተር መዝግበው ይዘዋል፣ ማንም ሰው በስልክ አፕ ፎቶ አንስቶ ማመሳከር ይችላል። የጣሊያን ጳጳሳት ጉባኤም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የየሀገረ ስብከቱን ንዋየ ቅድሳት ፎቶ እያነሳ ሲመዘግብ ቆይቷል። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ጥንታዊ ዕቃ ከጣሊያን ሲወጣ የኤክስፖርት ቢሮ ወረቀት ያስፈልገዋል። ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ የሮም አየር ማረፊያ ፊውሚቺኖ ላይ ማለፍ ይቻላል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ መልካም ዕድል፣ እኔን ግን አትላኩኝ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልበል፣ ከሚላክልኝ ፎቶ ብዙው የተሰረቀም የከበረም አይደለም፣ ባሮክም አይደለም። ኤልኪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥ ዘዴ በ1840 ካስመዘገበ በኋላ የባሮክ መልክ ያለው መቅረዝ በፋብሪካ እንደ ጉድ ተመርቷል፣ አሁን መቶ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፣ ጠቁሯል፣ ተቧጭሯል፣ ላላወቀ ሰው የ1600ዎቹ ነው ቢሉት ያምናል። በፊት ወርቅ የሚለበጠው ወርቁን ከሜርኩሪ ጋር አላቁጦ ቀብቶ በእሳት ሜርኩሪውን በማትነን ነበር፣ ጭሱ አንጥረኛውን እያጃጃለ ይገድለዋል፣ ቀለሙ ግን ሞቅ ያለና ወፍራም ነው፣ የኤሌክትሪኩ ቀጭንና እኩል ነው። በእጅ የተመታ ጥንድ ደግሞ ጎን ለጎን ሲያቆሙት የአንዱ መልአክ አፍንጫ ከሌላው ይለያል፣ ቁርጥ አንድ ከሆኑ ጠርጥሩ። ጀርባውም እንደ ፊቱ ያጌጠ ከሆነ፣ የዳዶው ጥርስ በማሽን የተቆረጠ ከሆነ፣ አሁንም ጠርጥሩ። እውነተኛ ብር ላይ ማኅተም ይፈለጋል፣ የሮም ብር ላይ የተመሳቀሉ ቁልፎች ከላያቸው ጃንጥላ ጋር፣ የኔፕልስ ላይ ዘውድ ያለበት ኤንኤፒ የሚል ፊደልና የዓመቱ ቁጥር፣ የጀርመኑ አውግስቡርግ ደግሞ የጥድ ፍሬ ነው፣ በዚያ ዘመን አውግስቡርግ ለግማሽ አውሮፓ ብር ትሠራ ነበር። ማኅተሙ ጥፍር አታክልም፣ እግሩ ጠርዝ ላይ ወይ ሳህኑ ሥር ናት፣ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ፈልጉ። ማኅተምም በሐሰት ይመታል እንግዲህ፣ ግን ቢያንስ ነጋዴውን "የቱ ጋ ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁት ፊቱ ብዙ ይናገራል።

የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ዕቃ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም፣ አንዱ ዘመዴም ይሄንኑ ብሎኛል። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አንድ የወርቅ ጽዋና አንድ የወርቅ ዘውድ አለ፣ በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ነው። ጽዋው እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት ነው፣ ዘውዱም የዚያው ዘመን፣ ወደ 1740 ገደማ። ማለትም አውግስቡርግና ኔፕልስ ላይ ያ ሁሉ ብር ሲቀጠቀጥ ጎንደርም ላይ አንጥረኛ ተቀምጦ ነበር። ሙዚየሙ በ2018 ዕቃዎቹን ለእይታ ሲያወጣ ለረጅም ጊዜ በውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አለ፣ እኛም የገዛ ንብረታችንን በውሰት እንዴት ተብሎ ተናደድን፣ እኔ ራሴ ፌስቡክ ላይ ስንት ቀን ስከራከር ነበር። ጽዋችን መስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጦ እንኳ ያንገበግበናል። አንዱ ለንደናዊ ገዝቶት የበረዶ ማስቀመጫ አድርጎት ቢሆን ምን ልንል ነው? የደቡብ ጣሊያኗ የካላብሪያ ባልቴትም ስለ ደብሯ መቅረዝ እንደዚያው ነው የሚሰማት፣ ልዩነቱ እሷ ፌስቡክ የላትም።

የመቅረዝ መልክ የወደደ ሰው ፓንቴዎን ጀርባ ቪያ ዴይ ቼስታሪ የምትባል መንገድ አለች፣ ቄሶቹ ልብሳቸውንና ዕቃቸውን የሚገዙባት፣ እዚያ አዲስ የነሐስ መቅረዝ ደረሰኝ ተቆርጦለት ይሸጣል፣ እሱን ላኩልኝ ካላችሁ እልካለሁ፣ አምፖልም ክተቱበት፣ ያሻችሁን አድርጉት። የፋብሪካ አሮጌ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ በዋጋው ከሆነና ሻጩ የ1800ዎቹ መጨረሻ ነው ብሎ ከጻፈላችሁ። ጀርባው እንጨት የሆነ ግን፣ ሰም የያዘ፣ ቁጥር ያለበት ወይ ቁጥሩ የተፋቀበት፣ እባካችሁ ተዉት።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ "ንጹህ ብር" የሚለው በሚቀጥለው እትም ይታረም። ሁለተኛ በጽሑፉ መሀል ላይ "የባሮክ መስታወት፣ ከሆቴል ሎቢ" ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ መስታወት አይደለም፣ ካርቴግሎሪያ ነው፣ መሀለኛው ትልቁ፣ ሥሩ ላይ ሁለት መደገፊያ እግሮቹ ይታያሉ። አናቱ ላይ ያለው ጋሻ ውስጥ የሆነ ምልክት አለ፣ የገዳም ወይም የቤተሰብ ዓርማ መሆን አለበት፣ በጋዜጣው ጥራት ግን አይለይም። ፎቶ አንሺያችሁ ዋናው ፋይል ካለው፣ የሆቴሉም ባለቤት ፈቃደኛ ከሆኑ የጀርባውን አንድ ፎቶ ጨምራችሁ በኢሜይሌ ላኩልኝ፣ ለአለቃዬ አሳየዋለሁ፣ መዝገቡ ላይም እንፈልጋለን። ካልተገኘ በደስታ እነግራችኋለሁ፣ ባለቤቱም አርፈው ይጠቀሙበት፣ ከተገኘ ደግሞ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለባቸው አድራሻውን እሰጣቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሮም አንባቢያችሁ